ኪሱና ቦርሳው እስኪጋመዱ፦ የሰባት ወር የሞሊ ልምዴ

ቅዳሜ ዕለት ኦልድ ራግን ወጥቼ ወረድኩ። ይህን የቨርጂኒያ ተራራ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጫፉ አካባቢ በእግር ብቻ አይኬድም። ቋጥኝ ለቋጥኝ እየተንፏቀቁ፣ በጠባብ ስንጥቅ እየተሹለከለኩ ነው። ቦርሳዬ ጎን ላይ ያሰርኩት የኮዳ ኪስ ቀኑን ሙሉ አንዴም አልተወዛወዘም። አልወረደም፣ አልላላም። ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው፤ ጠዋት እንዳሰርኩት አለ። በጣም ደስ አለኝ፣ ይህን የምጽፈውም ደስታው ሳይበርድልኝ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ ልበል። ሞሊ የአሜሪካ ጦር በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ያመጣው የትጥቅ መሸከሚያ ነው። ከሱ በፊት የነበረው አሊስ ይባላል፣ የ1970ዎቹ መጀመሪያ ዕቃ ነው። በአሊስ ጊዜ ኪሱ የሚያዘው ቀበቶ ላይ በብረት ቆንጣጭ ነበር። እንደ ዝናር አስቡት፤ ኪሱ በብዛት ወገብ ዙሪያ ነው። ሞሊ ግን ሰደርያውንም ቦርሳውንም በአግድም ጥብጣብ ሞላው፣ ኪሱንም የፈለጉበት ቦታ ማሰር ተቻለ። የጥብጣቡ መደዳ የራሱ ስም አለው፣ ፓልስ ይባላል። አብዛኛው ሰው እሱንም ሞሊ ነው የሚለው፣ እኔም እንደዚያው። ዕቃ ስትፈልጉ ግን ሁለቱንም ስም ብታውቁ ይጠቅማችኋል።

እኔ ወታደር ሆኜ አላውቅም። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ተራራ እወጣለሁ። ቦርሳውን ያገለገለ የወታደር ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ በርካሽ ገዛሁት፣ ኪሶቹን ደግሞ አንድ አንድ እያልኩ። ቡናማውን የመረጥኩት ለእናቴ ስል ነው። ጦርነት ያየች ሴት ናት፤ ዥንጉርጉር የወታደር ጨርቅ ቤት ውስጥ ማየት አትወድም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፣ ሁለት ወር ሙሉ ወዳንገበገበኝ። ኪሱ ከጀርባው ሁለት ረጃጅም ማሰሪያዎች አሉት። እኔ ማሰሪያዎቹን በቦርሳው ጥብጣቦች ሥር ከላይ እስከ ታች ቀጥ አድርጌ አሳልፌ፣ ታች ላይ ጠቅ የሚለውን ቁልፍ እዘጋለሁ። ቤት ውስጥ ሳየው ደህና ነው። መንገድ ላይ ግን ውኃ የሞላ ኮዳ ሲገባበት ይንጠለጠላል፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ይመታኛል፣ ቦርሳውን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ማታ ግራ ትከሻዬን ማንሳት ያቅተኝ ነበር። ጥፋቱ የኪሱ መስሎኝ ሌላ ኪስ ገዛሁ፤ ያው ሆነ። አንድ ጓደኛዬ ጠበቅ አድርገህ እሰረው አለኝ። አጠበቅኩት፣ ያው ነው። በመጨረሻ በፕላስቲክ የሽቦ ማሰሪያ ጠፈርኩት። ያ ደግሞ ብርድ ቀን ላይ ተሰብሮ ኪሱ ጫካ ውስጥ ወደቀ።

መልሱ እዚያው ኪሱ ጀርባ ላይ ነበር። ኪሱ ከኋላው የራሱ አግድም ጥብጣቦች አሉት። እኔ ለጥንካሬ የተሰፉ መስሎኝ ነበር። ለካ የነሱ ቦታ በቦርሳው ጥብጣቦች መካከል ያለው ክፍተት ነው! የቦርሳው አንድ ጥብጣብ፣ ቀጥሎ የኪሱ አንድ፣ ከዚያ የቦርሳው፣ ከዚያ የኪሱ፣ እያሉ ይደራረባሉ። ማሰሪያው በሁሉም ሥር እየተፈራረቀ ያልፋል። በአንዱ በቦርሳው፣ በአንዱ በኪሱ። ድርና ማግ በሉት። አያቴ ቤት የጠፍር አልጋ ነበር፤ ጠፍሩ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያለ የተጠላለፈ፣ አንድ ቦታ ከተዘለለ እዚያው ላይ የሚረግብ። የኔም ኪስ የረገበው ሁሉንም ዘልዬ ስለነበር ነው። ሁለቱን ጥብጣቦች ስታጋምዷቸው ክብደቱ ቁልፉ ላይ አይንጠለጠልም፣ በየመደዳው ይከፋፈላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቦርሳውን ባዶ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። ኪሱን ከላይኛው መደዳ ጋር አስተካክሉና የታችኛውን ጫፍ ወደናንተ ቀና አድርጋችሁ ያዙት፣ ከኋላው ምን እንደሚሆን እንድታዩ። ማሰሪያዎቹን ሁሉ እኩል አውርዱ፤ አንድ መደዳ ሁሉንም፣ ቀጥሎ ሌላው መደዳ ሁሉንም። አንዱን ማሰሪያ እስከ ታች ጨርሳችሁ ወደ ሁለተኛው ብትሄዱ ኪሱ ይዘጋባችኋል፣ እጅ አይገባም። ስትጨርሱ በኪሱና በቦርሳው መሀል ጣታችሁን አስገቡ። ዘው ብሎ ከገባ አንድ ቦታ ዘልላችኋል፤ ፍቱትና እንደገና።

አዲስ ጥብጣብ ድርቅ ያለ ስለሆነ ጣት ያቆስላል። እኔ አፈ ረጅም ፒንሳ አለኝ፣ ከሁሉም ዕቃዬ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። የማሰሪያውን ጫፍ ነክሶ ይጎትትልኛል፣ ሃያ ደቂቃ የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ሆነ። ወረንጦ ወይም ሹል ነገር አትጠቀሙ፣ ክሩን ይበጥሰዋል።

ስለ ማያያዣው ዓይነት የየራሳችን አቋም አለን። ማሊስ ክሊፕ የሚባለው ረጅም ፕላስቲክ ብርቱ ነው፤ አንዴ ከተቆለፈ ያለ ካቻቢቴ በቀላሉ አይከፈትም። እኔ አልወደውም። ሞሊ የተሠራው ኪስ እንደልብ እንዲቀያየር ነው፣ በየቅዳሜው ካቻቢቴ ይዞ መታገል ምን ያደርጋል? ጠቅ የሚለው ቁልፍ ደህና ነው። ከሁሉም የምመርጠው ግን ቁልፍም ፕላስቲክም የሌለውን፣ ጫፉ ተመልሶ ከጥብጣቡ ሥር የሚሸጎጠውን ነው። ቀላል ነው፣ የሚሰበር ነገር የለውም። እንዲህ እያልኩም የመጀመሪያ እርዳታ ኪሴ እስካሁን በማሊስ ክሊፕ ነው ያለው። ደም ማቆሚያው እዚያ ውስጥ ነው፣ እሱ እንዲወድቅብኝ አልፈልግም። አቋሜ ከሥራዬ ጋር እንደማይሄድ አውቃለሁ።

ከሦስት ወር ወዲህ ደግሞ የራሴን ባለ ጥብጣብ ጨርቅ መስፋት ጀምሬያለሁ። ልኩ የታወቀ ነው፦ የጥብጣቡ ስፋት 25 ሚሊ ሜትር፣ በሁለት ጥብጣብ መሀል ያለው ክፍተት 25፣ ከስፌት እስከ ስፌት፣ ማለትም ማሰሪያው የሚያልፍበት ዐይን፣ 38። የመጀመሪያውን ስሰፋ፣ ዐይኑ ጠበብ ቢል የበለጠ ይይዛል ብዬ 35 አደረግኩት። ትንሹ ኪስ ገባ። ሰፊው ግን እምቢ አለ። በየዐይኑ 3 ሚሊ ሜትር ስትቀንሱ አምስተኛው ላይ 15 ይሆናል፣ ማሰሪያውም ዐይኑን ትቶ ስፌቱ ላይ ያርፋል። ሙሉውን ተረተርኩት። ሁለተኛውን በ38 ሰፋሁት፣ ነገር ግን እያንዳንዱን ምልክት ካለፈው ምልክት ተነስቼ ለካሁ። የጠመኔው መስመር ውፍረት እየተጠራቀመ እንደገና ተዛነፈ። አሁን ሜትሮውን ሳላነሳ ሁሉንም ከአንድ መነሻ እለካለሁ፦ 38፣ 76፣ 114፣ 152፣ 190።

የስፌት መኪናዬ ተራ የቤት መኪና ናት። በ18 ቁጥር መርፌና በወፍራም ናይለን ክር ትችላለች፣ ጥብጣብ የተደራረበበት ቦታ ስደርስ ግን ፔዳሉን ትቼ መዘውሩን በእጄ ነው የማዞረው። እያንዳንዱን ስፌት በጠባብ ዚግዛግ ሁለት ጊዜ እመላለስበታለሁ። ሲያልቅ ሁለት ኪሎ ሽሮ ኪሱ ውስጥ ከትቼ ቦርሳውን በር ላይ ሰቅዬ አሳድራለሁ፣ ጠዋት ተሸክሜው የሕንጻችንን ደረጃ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። የቅዳሜው ኪስ ይህን ያለፈ ነው።

በግራ በኩል ያለውን አሮጌ ኪስ ግን ገና አልነካሁትም። በዚያው በፕላስቲክ ማሰሪያ ነው ያለው፣ ብስኩት ብቻ ነው የምይዝበት። ሦስተኛው ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ ምልክት ተደርጎበት ተዘርግቷል። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ መኪናዋን አወጣለሁ።