የሚቲሊኒን ክርክር በክፍል ውስጥ እንዴት እንዳካሄድኩት

በአቴንስና በስፓርታ መካከል የተካሄደውን የፔሎፖኔዥያን ጦርነት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቼ ሳስተምር፣ አቴንስ እጅ እንድትሰጣት ካስገደደቻት ከትንሿ ደሴት ከሜሎስ አልጀምርም። ብርቱው የቻለውን ያደርጋል፣ ደካማው የመጣበትን ይቀበላል የሚለውን የአቴናውያን መልእክተኞች ንግግር አስቀድሞ የሰማ ተማሪ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ፍትሕ የሚነገረው ሁሉ ባዶ ቃል ይመስለዋል። ስለዚህ አሥራ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ427 እነሣለሁ።

በሌስቦስ ደሴት የምትገኘው ሚቲሊኒ በአጋሯ በአቴንስ ላይ ዐምፃ ተሸንፋለች። የአቴንስ ሸንጎ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንዶች በሙሉ እንዲገደሉ፣ ሴቶችና ሕፃናት በባርነት እንዲሸጡ ወስኖ ትእዛዙን በመርከብ ልኳል። በማግስቱ ግን ሕዝቡ ተጸጽቶ እንደገና ተሰበሰበ። የጦርነቱን ታሪክ የጻፈውን የአቴናዊውን የቱኪዲደስን ትረካ እዚህ ላይ አቆምና ክፍሉን ለሁለት እከፍላለሁ፤ አንዱ ወገን ግድያውን ለሚደግፈው ለክሌዎን፣ ሌላው ለተቃዋሚው ለዲዮዶቶስ ይቆማል። ሆን ብዬ እያንዳንዱን የማይወደውን ንግግር አሲዘዋለሁ። በኅዳጉ ላይ የፍትሕን መከራከሪያ «ፍ»፣ የኃይልን «ኃ»፣ የጥቅምን «ጥ» ብለው ምልክት ያደርጋሉ።

ምልክቱ ሲቆጠር ክፍሉ ይናወጣል። ቅጣቱ ይገባቸዋል እያለ ፍትሕን ደጋግሞ የሚጠራው ክሌዎን ነው። ሕይወት ሊያድን የተነሣው ዲዮዶቶስ ግን እኛ ፍርድ ቤት አይደለንም፣ የምንመክረው ስለሚጠቅመን ነው ይላል፤ እጅ መስጠት ካላዳነ ዐማፂ ሁሉ እስከ መጨረሻው ይዋጋል፣ ከፈራረሰች ከተማም ግብር አይገኝም። አንዲት ተማሪ፣ «ሕፃናት ሊሸጡ ነው እየተባለ እንዴት ስለ ግብር ያወራል?» ብላ ተቆጣች። ቁጣዋ ትክክል ነበር። መልስ ከመስጠት ይልቅ ከንግግሮቹ በፊት ያለውን ክፍል መልሰን አነበብን። ሸንጎውን እንደገና የሰበሰበው ውሳኔው ጨካኝ መሆኑ ለሕዝቡ ስለተሰማው ነው። ርኅራኄው ከዲዮዶቶስ ቀድሞ ነበረ፤ እርሱ ያደረገው፣ እንደ እኔ ንባብ፣ ደካማ መባልን የሚፈራ ሕዝብ ርኅራኄውን የሚፈጽምበት ምክንያት መስጠት ነው።

ድምፅ የሚሰጡትም በማግስቱ ነው። ሌሊቱ ብዙ ሐሳብ እንደሚያስለውጥ በየክፍሉ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ብቻ ፍጻሜውን እነግራቸዋለሁ፦ ዲዮዶቶስ በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። ሁለተኛይቱ መርከብ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ዘግይታ ተነሣች፤ ቀዛፊዎቹ በወይንና በዘይት የተለወሰ የገብስ ዱቄት እየበሉ፣ በየተራ እያንቀላፉ ቀዘፉ። የፊተኛይቱ ለክፉ መልእክቷ አልቸኮለችም። ትእዛዙ ተነቦ ሊፈጸም ሲል ደረሱ። የዐመፁ መሪዎች ተብለው ከሺህ በላይ ሰዎች መገደላቸውን ግን አልሸሽግም።

ሜሎስ የምትመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መልእክተኞቹ ፍትሕ እኩል ኃይል ባላቸው መካከል የሚነሣ ጉዳይ ነው ስላሉ፣ ሜሎሳውያንም «ጥ»ን ያዙ፤ ነገ ብትወድቁ የፍትሕ ሕግ ለእናንተም ይጠቅማችኋል አሉ። አልሰመረላቸውም። ወንዶቹ ተገደሉ፣ ሴቶችና ሕፃናት ባሪያ ሆኑ።

አቴንስ በ404 እጅ ስትሰጥ የስፓርታ አጋሮች ቆሮንቶስና ቴብስ ከተማዋ እንድትጠፋ ጠየቁ። ስፓርታ፣ አቴንስ በፋርስ ወረራ ጊዜ ለግሪክ የዋለችውን ውለታ ጠቅሳ እንቢ አለች። «ፍ» ነው ወይስ ቴብስ እንዳትገዝፍ የታሰበ «ጥ»? የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ እተወዋለሁ።