ለቮልስ ሞተር ካርቡሬተርና ማኒፎልድ ስመርጥ

የድሮ ቮልስ ሞተር የሚያድስ ሰው አስቀድሞ የሚመኘው ትልቅ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ቢሆንም፣ በእኔ እምነት ምርጫው መጀመር ያለበት ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ ክዳን) ነው። ለሁለት ሲሊንደር አንድ የጋራ አየር መግቢያ ያለው የቀድሞው 1300 ሞተር የተሠራው ለ30 ፒክት ሶሌክስ ካርቡሬተር ሲሆን፣ ለየሲሊንደሩ የራሱ መግቢያ ያለው የኋለኛው 1600 ደግሞ ከ34 ፒክት 3 ጋር ይስማማል። ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሱት ማኒፎልዶቻቸው ስለሚለያዩ የአንዱ ለሌላው በቀጥታ አይገጥምም።

30 እና 34 የሚሉት ቁጥሮች የካርቡሬተሩን ጉሮሮ ስፋት በሚሊሜትር ያመለክታሉ። ጉሮሮው ከሞተሩ ፍላጎት በላይ ሲሰፋ በዝቅተኛ ዙር የአየሩ ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ቤንዚኑ በደንብ ሳይበተን በጠብታ መልክ ይገባል፤ መኪናዋም ነዳጅ ሲረገጥ ታመነታለች። ባለመንታ ዌበር ካርቡሬተር በከፍተኛ ዙር ጉልበት እንደሚጨምር አልክድም፤ ሆኖም አጫጭር ማኒፎልዶቹ ብዙውን ጊዜ በጭስ ሙቀት የሚሞቅ ቱቦ የላቸውም፣ ሁለቱን እኩል ማስተካከልም ትዕግሥት ይጠይቃል። ለከተማ መንገድ ነጠላውን ሶሌክስ እመርጣለሁ፤ ብቻ የማኒፎልዱ ማሞቂያ ቱቦ በካርቦን አለመደፈኑ ይታይ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ አየሯ በአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። በቆላ ልክ የተመረጠ ዋና ጄት (የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው ቀዳዳ) እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም በጥላሸት ይጠቁራል። ስለዚህ አነስ ያለ ጄት ይገጠማል፤ ወደ አዋሽ ቆላ ሲወረድ ግን የቀድሞው መመለስ አለበት፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ቤንዚን ሲያንሰው ከመጠን በላይ ይግላልና።