ሻንጣ ሙሉ ብሎን ይዞ ሐዋሳ

ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሞጆን እንዳለፍን እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ሻሸመኔ ላይ ነቃሁ። ሐዋሳ ስንደርስ ባለ ባጃጁ 50 ብር ለማይሞላ መንገድ 200 ጠየቀኝ። ሻንጣዬ ብረት ስለሆነ ተሸክሜው የምሄድ አልነበረምና ከፈልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

የመጣሁት ሐይቁ አጠገብ ባለ አንድ ማረፊያ ሳሎን ውስጥ ባለው አሮጌ ፒያኖ ላይ የአሜሪካዊውን የሙዚቃ ደራሲ የጆን ኬጅን ሥራ ለመሞከር ነው። ኬጅ እ.ኤ.አ. በ1940 ሲያትል ውስጥ ለዳንሰኛዋ ሲቪላ ፎርት ሙዚቃ ሲያዘጋጅ መድረኩ ለምት መሣሪያ ቡድን ጠበበው፤ ክሮቹ መሃል ዕቃ እየሰካ አንዱን ፒያኖ የከበሮ ቡድን አደረገው። ከ1946 እስከ 1948 የጻፋቸው «ሶናታዎችና ኢንተርሉዶች» የተባሉት የፒያኖ ሥራዎች ደግሞ 45 ድምፆች ላይ ብሎን፣ ጎማና ፕላስቲክ ይፈልጋሉ። ዕቃው የሚገባበት ርቀት ክሩን ነክቶ ዝም ከሚያሰኘው ድምፅ አፋኝ ተነስቶ በኢንች ተጽፏል።

ልኬቱ ግን ክሮቹ ለተጋደሙበት ግራንድ ፒያኖ ነው። በግራንድ የግራውን ፔዳል ሲረግጡ ክሩን የሚመታው መዶሻ ወደ ጎን ሸርተት ብሎ ከአንድ ቁልፍ ሦስት ክሮች አንዱን ይስታል። ብሎኑ በሁለተኛውና በሦስተኛው መሃል ከሆነ አንድ ቁልፍ ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰጣል። የሐዋሳው ፒያኖ ክሮቹ ሽቅብ የቆሙ ናቸው፤ ፔዳሉ መዶሻውን ወደ ክሩ ከማቅረብ ያለፈ ሥራ የለውም። ብሎኑም በንዝረት እየላላ ይወድቃል።

መላው ገበያ ውስጥ ተገኘ። አንድ ባለ ሱቅ አሮጌ ብሎን የሞላ ቆርቆሮውን ገልብጦ «የሚሆንህን ልቀም ወንድሜ» አለኝ፤ ዋጋም አልነገረኝ። ባለ 8 ሚሊሜትሩ ክሩን ገፍትሮ ቅኝቱን አበላሸው። ባለ 6 ሚሊሜትሩ የብስክሌት ጎማ ቁራጭ ሲጠቀለልበት ልክ ሆነ።

ብሎን ለማስገባት መጀመሪያ የቀኙን ፔዳል ረግጦ አፋኞቹን ማንሳት ነው። ክሮቹን የሚያላቅቁት በቀርከሃ ስንጣሪ ነው፤ በካቻቢቴ ከሆነ የወፍራሞቹ ክሮች የመዳብ ጥቅል ይፋቃል። ብሎኑ ላይ ላላ ያለ ዳዶ ወይም ሮንዴላ ሲጨመር ክሩ ዝዝ ይላል። በገና ደርዳሪ ይህን ነገር ያውቀዋል፤ ከክሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ባትኖር በገናው ያን ዝዝታ ከየት ያመጣል? አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ድምፅ «ፒያኖው ተበላሽቷል» የሚሉኝ ሰዎች በገና ሲሰሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ሲነቀል መቁጠር ግድ ነው። 22 አስገብቼ 21 አወጣሁ። የታችኛውን ጣውላ ፈትቼ፣ ማግኔት በሲባጎ አስሬ ሳወርድ፣ ፔዳሉ ዘንግ ሥር ተጋድሞ አገኘሁት።