ሳላነብ የፈረምኩበት ርክክብ

ከአቃቂ ወጣ ብሎ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙም በማይርቅ የካርቶን ፋብሪካ የሌሊት ሺፍት ኃላፊ ነኝ። በ2016 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ አዲስ ማሽን ተክሎ እኛን እንዲያሠለጥን አንድ ኬንያዊ ባለሙያ መጣልን። ዝምተኛ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። ማሽን በጆሮው ይመረምራል።

እሱ የቀኑን ሥራ ጨርሶ ሊወጣ ሲል እኔ ከሰርቪስ እወርዳለሁ፤ ከዚያ ማሽኑ አጠገብ ቆመን አሥር ደቂቃ ያህል እናወራለን። የርክክብ መዝገብ አለ፤ ግን እሱ ለወጉ ነበር። ዋናው ርክክብ በአፍ የምንነጋገረው ነው። «ሁለተኛው ሮለር ዛሬ ድምፁ አላማረኝም» ይለኝና እጄን ይዞ የኩሽኔታውን ሙቀት ያስዳስሰኛል። በሁለት ወር ውስጥ ከእሱ የተማርኩትን በስምንት ዓመት ሥራ አላገኘሁትም።

ሰኔ 18 ቀን ናይሮቢ ውስጥ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አዲሱን የግብር ረቂቅ ሕግ የተቃወሙ ወጣቶች ምክር ቤቱ ቅጥር ግቢ ገቡ፤ የሕንፃው አንድ ክፍል ተቃጠለ፤ ፖሊስ ተኮሰ፤ ሰዎች ሞቱ። በማግስቱ ረቡዕ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ ሕጉን አልፈርምም ብለው ወደ ኋላ ተመለሱ። ማታ ሺፍት ከመረከባችን በፊት በሠራተኞች ክበብ ቴሌቪዥኑ ስለዚሁ ያወራል። የሐዋርያት ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ሽሮ ቀርቦልን ከበን ተቀምጠናል። ባለሙያው ጥግ ላይ ብቻውን ስልኩን በእጁ ይዞ ቁጭ ብሏል።

እኔ ነኝ የጀመርኩት። ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «እናንተ ኬንያውያን ይሄን ሰውዬ እስካሁን እንዴት ቻላችሁት? እኛ ብንሆን አንድ ቀን አናሳድረውም ነበር» አልኩት። ጠረጴዛው ሳቀ። ሳቁ ልብ ሰጠኝና ቀጠልኩ፤ ስለ ፕሬዚዳንቱ፣ ስለ ምክር ቤቱ፣ ስለ አገሩ ሙስና፣ ከስልኬ ላይ ያነበብኩትን ሁሉ ደረደርኩበት። መልስ አልሰጠኝም። ሳህኑን ሳይነካ ተነስቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ርክክባችን በመዝገብ ብቻ ሆነ። ሲወጣ ይጽፋል፤ እኔ ስገባ እፈርማለሁ። ሲጽፍም በእንግሊዝኛ ነው፤ እጅ ጽሑፉ ደግሞ ጠበብ ያለ ነው። እውነቱን ለመናገር ኮርቼም ነበር። «ምን አልኩት? እውነት ነው የተናገርኩት» እያልኩ ለራሴ እፈርድ ነበር።

ዓርብ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሁለተኛው ሮለር ኩሽኔታ ነከሰ። ቺንጋው ተቃጠለ፣ አዳራሹ በጭስ ተሞላ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። መስመሩ ግን ቆመ፤ ጠዋት መጫን የነበረበት ትዕዛዝም ቀረ። መዝገቡን ስገልጠው የሐሙስም የዓርብም ገጽ ላይ ጽፎታል፦ ሁለተኛው ሮለር፣ የኩሽኔታው ሙቀት ጨምሯል፣ ዛሬ ማታ ቆሞ ግሪስ ይደረግለት፣ ካልቀዘቀዘ ይቀየር። ከጽሑፉ ሥር የኔ ፊርማ አለ። በሁለቱም ገጾች።

ጎህ ሲቀድ መጣ፤ የደወለለት የጥገናው ልጅ ነው። ምንም ሳይናገር እጅጌውን ሰብስቦ ገባበት። አዲሱን ኩሽኔታ ስናስገባ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ስለ መዝገቡም፣ ስለ ረቡዕ ማታም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነገረኝ። ታናሽ እህቱ ማክሰኞ ዕለት ከሰልፈኞቹ ጋር ነበረች። ከዚያን ቀን ከሰዓት ጀምሮ ስልኳ አልነሳ ብሎ፣ በሕይወት መኖሯን ያወቀው ረቡዕ ሌሊት ነው።

«ያን ሕግ እኔም እቃወመዋለሁ» አለኝ። «አንተ ካልከው የባሰ ልል እችላለሁ። አንተ ግን ስለ ፕሬዚዳንቱ ነው የጠየቅከኝ፤ ቤተሰብህ ደህና ነው ወይ አላልከኝም። ደግሞ ‹እኛ ብንሆን› አልክ። እዚህ በቆየሁበት ጊዜ ስለ ራስህ አገር መሪዎች ክፉም ደግም ሲወጣህ ሰምቼ አላውቅም። ስለ እኔ አገር ስታወራ ግን ድምፅህ ክበቡን ሞላው።»

የምመልሰው አጣሁ። ያ ሁሉ ወኔ ምንም የማያስከፍል ወኔ ነበር። ናይሮቢ ያለ ማንም ባለሥልጣን እኔን ሊጠይቀኝ አይችልም።

ለአለቃዬ ሳላነብ መፈረሜን ጻፍኩ፤ ቅጣቱንም ተቀበልኩ። ከዚያ ወደ ንብረት ክፍል ሄጄ ለጋሼ የሆነውን አጫወትኳቸው። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሰው ናቸው። «ከእንግዲህስ ስለ ሰው አገር ፖለቲካ ትንፍሽ አልልም፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ትኩር ብለው አዩኝ።

«በሬው ያለቀ ዕለትስ?»

የወሎ ሰው ናቸው። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ረሃብ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። «በኛ ቀዬ ሰርዶውም ደረቀ፣ በሬውም አለቀ። ሰው በየመንገዱ ሲወድቅ መንግሥት ገመናችን ይወጣል ብሎ ዝም አለ። አንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ መጥቶ ቀርጾ፣ በጥቅምት 1966 ለአገሩ ሕዝብ ባያሳይ ኖሮ እህሉ መቼ ይደርስልን ነበር? ያ ሰው የውስጥ ጉዳያቸው ነው ብሎ ቢያልፈን ይሻል ነበር?» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ሌላውንም ልንገርህ» አሉ። «ያንኑ ፊልም ደርግ በ1967 የእንቁጣጣሽ ዕለት ማታ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ቀላቅሎ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሡን አወረደ። ፈረንጁ የቀረጸው ረሃባችንን ነበር። እኛ ነን ለሥልጣን ያዋልነው። ስለዚህ ልጄ፣ አትናገር አልልህም። አይተህ ተናገር፤ ስለ ሞተው ሰው ብለህ ተናገር።»

በሰርቪስ ወደ ቤት ስመለስ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈችው ሲልቪያ ፓንክረስት ትዝ አለችኝ። ጣሊያን ሲወረን እንግሊዝ አገር ሆና ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ አቋቋመች፤ ሙሶሊኒን ብቻ ሳይሆን ለወራሪው እውቅና የሰጠውን የራሷን መንግሥትም አልማረችም። በኋላም እዚሁ መጥታ ኖረች፤ በ1953 ዓ.ም. እዚሁ አረፈች። እሷን ማን «ምን አገባሽ» ይላታል? እኔ እንኳ ለሽሮ ማወራረጃ ነው የተናገርኩት።

ባለሙያው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ክበብ ውስጥ ቡና ጋበዝኩት። መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ እህቱ ነው፤ ትምህርቷን ቀጥላለች። ከዚያ ስለ ረቂቅ ሕጉ አስረዳኝ። መጀመሪያ ዳቦ ላይ ሳይቀር ተጨማሪ እሴት ታክስ ታስቦ እንደነበረ፣ ያ ከተነሳ በኋላም ወጣቶቹ ለምን እንዳልተመለሱ። እኔ ስፎክር ከዚህ ውስጥ ግማሹን አላውቅም ነበር። እግረ መንገዱንም የጎረቤቱን የታንዛኒያ ፕሬዚዳንት የነበሩትን የጁሊየስ ኔሬሬን ነገር አነሳ። እዚሁ አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1963 የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በሌላው የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አትግቡ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1975 የኡጋንዳው መሪ ኢዲ አሚን የድርጅቱ ሊቀመንበር ሲሆን ግን ኔሬሬ በካምፓላው ጉባኤ ላይ አልገኝም አሉ። ሕዝቡን የሚገድልን ሰው ጎረቤት ስለሆነ ብቻ ዝም ማለት አልሆነላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአፍሪካ ኅብረት መተዳደሪያ ሰነድ የዘር ማጥፋት ሲፈጸም ኅብረቱ ጣልቃ እንዲገባ የፈቀደው ከሩዋንዳ እልቂት በኋላ ነው። «ስንት ሰው ካለቀ በኋላ» አለ፤ ስኒውን አስቀመጠ።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ፣ «አሁን ደግሞ ያንተን አገር ንገረኝ» አለኝ።

ግራና ቀኝ አየሁ። ክበቡ ውስጥ ከኛ ሌላ ጋሼ ብቻ ነበሩ። ወንበራቸውን አንስተው ወደ እኛ ጠጋ አሉ።