ቲኤስኤች ከፍ ሲል ኪኒን ለመጨመር አትቸኩሉ

ጎንደር ውስጥ ሌቮታይሮክሲን (ለታይሮይድ ሆርሞን ማነስ የሚሰጥ ኪኒን) የሚወስድ ሰው የቲኤስኤች (የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚል የደም ምርመራ) ውጤቱን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አወሳሰዱ ነው። ኪኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ይዋጣል፤ ቁርስና ቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆዩ። ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ኪኒንና ካልሲየም የ4 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋሉ። ማለዳ አቦል እየተቀዳ አብሮ የተዋጠ ኪኒን በደንብ ወደ ደም አይገባም፤ ቲኤስኤች ከፍ ይላል፣ የታዘዘው መጠን ግን ትክክል ሊሆን ይችላል። በጾም እስከ 9 ሰዓት ውኃ የማይቀምስ ሰው ሐኪሙን አማክሮ ማታ፣ ከእራት 3 ሰዓት በኋላ ቢወስደው ጥሩ ነው።

አወሳሰዱ ሳይዛባ ቲኤስኤች ከ4 በላይ ከቆየ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ 12.5 ወይም 25 ማይክሮግራም ይጨምራል። ከ0.4 በታች ወርዶ ልብ በፍጥነት የሚመታ፣ እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጠኑን ይቀንሳል።

ድጋሚ ምርመራው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው። መድኃኒቱ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 7 ቀን ያህል ይፈጃል፤ ቲኤስኤች ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ነው የሚረጋጋው። በ2 ሳምንት የተለካ ቁጥር ያሳስታል። የምርመራ ዕለት መጀመሪያ ደም ይስጡ፣ ከዚያ ኪኒኑን ይዋጡ።

ነፍሰ ጡር ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ማርገዟን እንዳወቀች ወዲያው ሐኪሟን ታግኝ።