ክዳኑን ስንከፍት የሚጠፋው ብልሽት

መኪናው ባለ አራት ሲሊንደር ነው፣ ተርቦ አለው። ባለቤቱ ወጣት ነው። የተርቦውን ግፊት ወደ 1.5 ባር አስጨምሯል፣ የራሱ ታንክ ያለው የውሃና ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) መርጫ አስገጥሟል፣ የሞተሩን ኮምፒውተርም በዚያው ልክ አስተካክሎታል። ቅሬታው አጭር ነበር። «ጋሼ፣ የመርጫውን ታንክ በሞላሁ ቁጥር መኪናው ይደክማል።»

መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ሌላው ሰው ታንኩ ሲጎድልበት ነው ወደኛ የሚመጣው። የሱ ግን ግማሽ ሲደርስ ይሻለዋል፣ ሲሞላ ይታመማል። ልጁ የሚገዛው ፈሳሽ ተበላሽቶ ነው ብሎ ደምድሟል። ከኛ በፊት ያዩለት ሰዎች ደግሞ ኖዝሉን፣ ማለትም ፈሳሹን የሚረጨውን ቀጭን አፍ፣ ቀይረውለታል፣ ፓምፑንም ቀይረውለታል፤ ለውጥ የለም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ተርቦ አየር ሲጨምቅ አየሩ ይግላል። ኢንተርኩለሩ፣ ማለትም የዚህ አየር ማቀዝቀዣ፣ የቻለውን ያቀዘቅዛል፣ የተረፈውን ሙቀት ሞተሩ ይቀበላል። ሙቀቱ ከበዛ ካንዴላው ያስነሳው ነበልባል ሳይደርስበት ጥግ ላይ ያለው ድብልቅ በራሱ ይፈነዳል፤ ሞተሩ አንኳኳ የምንለው ይሄን ነው። ስለዚህ ከኢንተርኩለሩ በኋላ ባለው የአየር ቱቦ ላይ ትንሽ ኖዝል ይተከልና ብዙውን ጊዜ ግማሽ በግማሽ የሆነ የውሃና የሜታኖል ድብልቅ በጣም ደቆ ይረጫል። አንድ ኪሎ ውሃ ለመትነን ወደ 2,260 ኪሎጁል ሙቀት ይፈልጋል፣ ሜታኖል ወደ 1,100፣ ቤንዚን ደግሞ ከ400 በታች። ያንን ሙቀት ከአየሩና ከሲሊንደሩ ውስጥ ነው የሚወስደው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች ኤምደብሊው 50 የሚባል ተመሳሳይ ድብልቅ ይረጩ ነበር።

ጣጣው የሚመጣው ኮምፒውተሩ ርጭቱን ተማምኖ ሲስተካከል ነው። ግፊቱ ጨምሯል፣ ካንዴላው ቀድሞ እንዲያቀጣጥል ተደርጓል። በዚህ መሃል ርጭቱ ቢቋረጥ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ኮምፒውተሩ ሰምቶ ማቀጣጠያውን ወደኋላ ካዘገየው መኪናው ይደክማል፣ ካልሰማ ደግሞ ፒስተን ይሰበራል። የልጁ መኪና መድከሙ በእውነቱ ዕድል ነው።

ድብልቁን መጀመሪያ መዘንነው። ሜታኖል ከውሃ ስለሚቀል የፈሳሽ መለኪያው መንሳፈፊያ ስንት እጅ ስንት እንደሆነ ይነግራል። ምንም ችግር የለበትም። ኖዝሉን ፈተን በጠርሙስ አፍ ላይ ይዘን በመቆጣጠሪያው የመሞከሪያ ቁልፍ ፓምፑን አስነሳነው። ርጭቱ ያማረ ነው። በሰዓት ይዘን መጠኑንም ለካን፣ ከኖዝሉ ቁጥር ጋር ይገጥማል። ማጣሪያው ንጹህ። ሶሌኖይድ ቫልቩ (በኤሌክትሪክ የሚሠራው የፈሳሹ መዝጊያ) ይከፍታል፣ ይዘጋል። ባልደረባዬ የኤሌክትሪክ ሰው ስለሆነ ሁሉም ብልሽት የሚመጣው ከሽቦ ነው ብሎ ያምናል፤ ፓምፑ እየሠራ ቮልቴጁን በቴስተር ለካ፣ ማሳውንም (ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘውን የኤሌክትሪክ መመለሻ) ለካ፣ ምንም ሲያጣ ፊቱ ጠቆረ።

ላፕቶፕ ሰክተን መንገድ ወጣን። መጀመሪያ ነዳጅ ሲረገጥ ግሩም ነው፤ የሚገባው አየር ሙቀት ከ45 ዲግሪ አያልፍም። እየተደጋገመ ሲሄድ ግን ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወጣል፣ 70ን ያልፋል፣ ማቀጣጠያው ወደኋላ ይዘገያል፣ ልጁ ያለው ድካም ይመጣል። (እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ የሙቀት ሴንሰሩ ከኖዝሉ በፊት ከሆነ የርጭቱን ውጤት ጭራሽ አያሳይም፣ በጣም ተጠግቶ ከኋላ ከሆነ ደግሞ ፈሳሹ ራሱ ላይ እየተነነ ከእውነተኛው ያነሰ ሙቀት ያነባል። ስለዚህ የሚታመነው አወጣጡ እንጂ ነጠላው ቁጥር አይደለም።) ወደ ጋራዥ ተመልሰን ኮፈኑን ከፈትን፣ ታንኩን አየን፣ የመሞከሪያ ቁልፉን ተጫንን። እንደገና ያማረ ርጭት! ባልደረባዬ «ይሄ መኪና ያውቀናል» አለ።

እኔን ያሳሰበኝ ፓምፑ ነው። መንገድ ላይ ሙቀቱ ሲወጣ ፓምፑ አልቆመም፣ ይሰማኛል። ድምፁ ግን ቀለል ብሏል። ፈሳሽ እየገፋ ያለ ፓምፕ ድምፁ ጫን ያለ ነው፣ ሥራ ሲያጣ ይቀጥናል። ስለዚህ ከፓምፑ መውጫ ላይ ቅጥያ አስገብተን በረጅም ቱቦ የግፊት ጌጅ እስከ ሹፌሩ ወንበር ድረስ አመጣን፤ ቱቦው ቢፈነዳ ሜታኖል ፊታችን ላይ እንዳይረጭ ደግሞ ጌጁን ከመስታወቱ ውጭ አስረነው በመስታወት በኩል ነበር የምናነበው። ሜታኖል በቆዳ ሰርጎ የሚገባ፣ ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነው፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን ለማየት ያስቸግራል። በዚህ ቀልድ የለም።

ጌጁ ነገሩን ለሁለት ከፈለልን። ኖዝሉ ቢዘጋ ኖሮ ግፊቱ ይወጣ ነበር፣ ምክንያቱም ፓምፑ እየገፋ ፈሳሹ መውጫ ያጣል። የኛ ግን መጀመሪያ 10 ባር አካባቢ ቆይቶ እየወረደ ሄደ። ፓምፑ እየዞረ ግፊቱ ከወረደ ወይ ፈሳሹ በሆነ ቦታ ይፈሳል፣ ወይ ፓምፑ ጋ አይደርስም። የሚፈስ ብዙ ነገር ብናይ ኖሮ እናውቅ ነበር። ስለዚህ ችግሩ ከፓምፑ በፊት ነው፤ በታንኩና በፓምፑ መካከል።

ልጁን ጥግ ይዞ እንዲቆም አልኩትና «ማንም ምንም ነገር እንዳይነካ» አልኩ። ባልደረባዬ እጁን ወደ ታንኩ ክዳን ሰዶ ነበር። ሁላችንም መንገድ ላይ ደክሞ ሲመጣ መጀመሪያ የምናደርገው ያንን ነው፤ ፈሳሽ አለ ወይ ብለን ክዳኑን መክፈት። በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ ፈታሁት። ሲስስስ አለ። አየሩ ግን ወደ ውጭ አልወጣም፤ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ የመሞከሪያ ቁልፉን ስንጫን ጌጁ ወደ 10 ባር ተመለሰ።

በየጋራዡ መኪናው ጤነኛ የሚሆነው ለዚህ ነበር። ሁሉም ሜካኒክ ክዳኑን እየከፈተ አየር ያስገባለታል፣ ከዚያ ምርመራውን ይጀምራል።

ክዳኑን ገልብጬ አየሁት። መሃሉ ላይ አየር የሚያስገባው ቀጭን ቀዳዳ ከውስጥ በኩል በሲሊኮን ተደፍኗል። ፓምፕ ወደፊት ለመግፋት ጎበዝ ነው፣ ከኋላው ለመሳብ ግን አቅሙ ውስን ነው፤ ታንኩ ውስጥ ያለው አየር ካልገፋለት ፈሳሹ አይመጣለትም። ታንኩ ደንዳና ፕላስቲክ ስለሆነ አይጨማደድም። 10 ሊትር የሚይዝ ታንክ እስከ አፉ ሞልቶ ግማሽ ሊትር አየር ብቻ ቢቀርለት፣ ግማሽ ሊትር ፈሳሽ ሲሳብ ያ አየር በእጥፍ ይለጠጥና ግፊቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሜታኖሉ እየተነነ ትንሽ ያግዘዋል፣ አይበቃም። ታንኩ ግማሽ ሲሆን ግን 5 ሊትር አየር አለ፤ ያው ግማሽ ሊትር ቢሳብ ግፊቱ ከአንድ አሥረኛ በላይ አይቀንስም። ልጁ «ስሞላው ይደክማል» ያለው ልክ ነበር! ቆሞ ካደረ የሚሻለውም በደረጃ ጠቋሚው የጎማ ቀለበት በኩል አየር ሌሊቱን ቀስ እያለ ስለሚገባ ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ይሄን ሁሉ ጊዜ በርታ ነበር። እሷ የምታውቀው ታንኩ ውስጥ ፈሳሽ መኖሩን ነው፣ ኖዝሉ ጋ መድረሱን አታውቅም። በ1962 የወጣው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር እንኳ ፈሳሹ ሲያልቅ የተርቦውን ግፊት የሚቀንስ መከላከያ ነበረው። ዛሬ በየቤቱ የሚገጠመው ግን አብዛኛው በመብራት ብቻ ነው የሚተማመነው፣ እኔ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሞተር ያ አይበቃም ባይ ነኝ። ከሶሌኖይዱ በኋላ የፍሰት ሴንሰር ገጥመን ፍሰቱ ሲወርድ ግፊቱ ወደ ተርቦው መነሻ ልክ እንዲመለስ አደረግን። ልጁ ለጊዜው ቅር ብሎት ነበር።

«ቀዳዳውን ማን ደፈነው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ኋላ ታንኩ ያለበት ዕቃ መጫኛ ይሸታል፣ ከቀዳዳው የሚወጣ መስሎኝ ነው።»

ሲሊኮኑን አንስተን ከክዳኑ ቀጭን ቱቦ አወጣንና በወለሉ አሳልፈን ወደ ውጭ አደረስነው። መተንፈሻው አሁን ከተሳፋሪው ክፍል ውጭ ነው። ሽታው ግን ቀጠለ! ምንጣፉን ስናነሳ ከፓምፑ ሥር እርጥብ ነው። ልጁ መኪናው ሲታጠብ የገባ ውሃ ነው ብሎ ነበር። ፓምፑን በመሞከሪያ ቁልፍ እያስነሳን እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ወረቀት ጠረግን፤ የፓምፑ መውጫ ላይ ባለው መጋጠሚያ ግፊት ሲመጣ ብቻ ጠብ የሚል ነገር ተገኘ። ናይለን ቱቦው በፒንሳ ተቆርጦ ጫፉ ሰያፍ ሆኗል፣ ማሸጊያው ላይ እኩል አያርፍም። በስለታም ምላጭ ቀጥ አድርገን ቆርጠን እስከ መጨረሻው ገፍተን አስገባነው። ምንጣፉን ልጁ ራሱ ወስዶ አጠበው።