ቀጭኔ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ለምን ራሷን አትስትም?

የደም ግፊትን «ደም ብዛት» ማለታችን ነገሩን ያደበዝዘዋል። ቁም ነገሩ የደሙ መብዛት ሳይሆን ቧንቧውን የሚገፋበት ኃይል ነው። ለዚህ ከቀጭኔ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም፦ በልቧ ትክክል ሲለካ አማካይ ግፊቷ 200 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው፤ የጤነኛ ሰው 90 ገደማ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሽቅብ የቆመ አንድ ሜትር ደም በክብደቱ ብቻ ከዚህ ግፊት 77 ያህል ይበላል። (ክንድን ከልብ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ሲለኩ ግፊቱ 8 ያህል ከፍ ብሎ የሚነበበውም ለዚሁ ነው።) ከልቧ እስከ አንጎሏ ሜትር ተኩል ብንል 115ቱ መንገድ ላይ ይቀርና 85ቱ ይደርሳል። አንጎሏ የሚደርሰው እንግዲህ ከእኛ እምብዛም አይለይም።

ልቧም እንደሚወራው ግዙፍ አይደለም፤ እንደ ሌሎች አጥቢዎች ከክብደቷ 0.5 በመቶ ገደማ ነው። የሚለየው የግራው ታችኛው ክፍል ነው። አንገቷ ሲረዝም ግድግዳው እየወፈረ ይሄዳል፣ ውስጡ ግን ጠባብ ነው። ጥበቱ ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ጫና ያቀልላል፤ በምላሹ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ያንሳል።

ሰው ሁሉ አንገቷን ያያል እንጂ የሚያስደንቀው እግሯ ነው። ከልብ በታች የደሙ ክብደት መቀነሱ ቀርቶ ይደመራል። በ1987 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ በወጣው ልኬት፣ ቆማ ሳለች ታችኛው እግሯ ላይ የደም ቅዳው (ደም ከልብ የሚያወጣው ቧንቧ) ግፊት 260፣ የደም መልሱ (ወደ ልብ የሚመልሰው) 150 ነበር። የሰው እግር ቢሆን ፈሳሹ ከቀጫጭኖቹ የደም ስሮች ሾልኮ ቁርጭምጭሚቱ ባበጠ። የእሷ ቆዳና ከሥሩ ያለው ሽፋን ግን ወፍራምና የማይለጠጥ ነው፤ በሥጋው መሀል ያለው ፈሳሽ ራሱ 44 ያህል ግፊት ይዞ መልሶ ይገፋል። ሐኪም የሚያዘው ጥብቅ ካልሲ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ ደግሞ የደም ቅዳው ባንዴ ይጠብባል።

ውሃ ልትጠጣ ስትጎነበስ ሁሉም ይገለበጣል። በአንገቷ ደም መልስ ውስጥ ያሉት ክዳኖች ደሙ ወደ ጭንቅላት ተመልሶ እንዳይወርድ ያግዳሉ። ከጭንቅላቷ የሚመጣው ደግሞ ዳገት ስለሚገጥመው እዚያው ሰፊው ደም መልስ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በማደንዘዣ በተኙ ቀጭኔዎች ከ1 ሊትር በላይ ሲጠራቀም ታይቷል። ወደ ልብ የሚመለሰው ስለሚያንስ ግፊቷ ይወርዳል። ቀና ስትል ያ ሁሉ ደም በአንድ ጊዜ ልቧ ውስጥ ይገባል፣ ልቧም ወዲያው አጠንክሮ ይረጨዋል። ራሷን የማትስተው በዚህ ነው።

የሚቀረው ጥያቄ ይህ ሁሉ ግፊት ልቧንና ኩላሊቷን ለምን እንደማይጎዳ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ኤፍጂኤፍአርኤል1 የተባለውን ጂን በቀጭኔ ዓይነት የተኩባቸውን አይጦች፣ ግፊት የሚያስነሳ አንጂዮቴንሲን ሰጧቸው። ከሌሎቹ አይጦች ይልቅ ግፊታቸውም ብዙ አልጨመረም፣ ልባቸውና ኩላሊታቸውም ያን ያህል አልተጎዳም። ሳይታሰብ ደግሞ አጥንታቸው ጠንክሮ ተገኘ።